ደቻሳ ከላይቤሪያ ለእናቱ የጻፈው

አሥር አለቃ ደቻሳ ገቢሳ ጽሑፍ አይወድም። በባድመው ጦርነት ጊዜ ግንባር ሲከርም ለእናቱ አንዲት መስመር አልጻፈም። እናቱ እማማ ሸዋአየሁ ያን ዘመን ካዛንቺስ ቁጭ ብለው፣ የቀበሌ ሰው በራፋቸው ላይ በቆመ ቁጥር መርዶ ይዞ የመጣ እየመሰላቸው ነው ያሳለፉት። ስለዚህ ልጃቸው በሰላም አስከባሪነት ወደ ላይቤሪያ ሊሄድ ሲል ኡራኤል ደጃፍ ወስደው አስማሉት።

"በየወሩ ትጽፍልኛለህ። አለዚያ መንገዱን ጠይቄ እመጣለሁ" አሉት።

ይመጣሉም። ያውቃቸዋል።

የደቻሳ ሥራ የውሃ ቦቴ መንዳት ነበር። ካምፑ ደን ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ዳር ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አያደማምጥም። ወር ሲሞላ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና፣ "ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ዝናብ ነው" ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ወዲያ ቃል ይጠፋበታል።

እማማ ሸዋአየሁ ፊደል አልቆጠሩም። የሚመጣውን የሚያነብላቸው፣ መልሱንም የሚጽፍላቸው የሰፈሩ ባለሱቅ ሙሐሲን ነው። አንድ ቀን በሙሐሲን እጅ የተጻፈ እንዲህ የሚል መልስ መጣ፦ "ልጄ፣ ደህና መሆንህን ሰማን። ዝናቡንም ሰማን። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም? የምትበላውን ጻፍ፤ ሰዉ ምን እንደሚመስል ጻፍ።"

ደቻሳ እንደታዘዘው አደረገ። በቀይ የዘንባባ ዘይት ስለሚሠራው የካሳቫ ቅጠል ወጥ ጻፈ። በርበሬያቸው እሱን የካዛንቺሱን ልጅ እንዴት እንዳስለቀሰው፣ ውሃ ሊቀዱ የሚመጡት ሴቶች ባልዲያቸውን እየመቱ እንዴት እንደሚዘፍኑ ጻፈ። ሳያስበው መጻፍ ጣፈጠው።

በዚያ ክረምት በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ሲዋጉ የኖሩት ታጣቂዎች መሣሪያ ማስረከብ ጀመሩ። ደቻሳ ለተሰለፉት ውሃ እንዲያድል ታዘዘ። አንድ በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው ጠመንጃውን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ አስረከበና፣ እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቦቴው አጠገብ ቆመ። ደቻሳ ውሃ ሰጠው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ወሬ ጀመሩ።

"አገርህ ስትገባ ወደ ማን ነው የምትሄደው?" አለው ሰውዬው።

"ወደ እናቴ።"

"ሌላስ?"

ደቻሳ ጣሳውን ደግሞ ሞላለት።

"እኔ ወንዝ ማዶ አንዲት ልጅ ነበረችኝ" አለ ሰውዬው። "ጦርነቱ ሲያልቅ እጠይቃታለሁ እያልኩ ጸጉሬ ሸበተ። አሁን በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ብቻ ሄጄ እፈልጋታለሁ።" ጣሳውን መልሶ፣ አመስግኖ ሄደ።

ደቻሳ የዚያን ዕለት ረጅሙን ደብዳቤ ጻፈ። "እማዬ፣ ጦርነት ሲያልቅ በዓይኔ አየሁ" ብሎ ጀመረ። "ነጋሪት የለውም፤ እንደ ቀበሌ ስኳር ሰልፍ ነው፤ ሰው ተራውን ጠብቆ ጠመንጃውን ይሰጥና ይሄዳል።" ስለ ሰውዬውም ነገራቸው። ከዚያ መስመር ዘለለና ጻፈ፦ "ሙሐሲን፣ ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ ብቻ፣ ቀስ ብለህ አንብብላት።" ከሥሩ የአቶ ደጉን ልጅ የጃለኔን ነገር አሰፈረ። ላንቻ ስፌት ቤት የምትሠራውን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰላም ባለችው ቁጥር ምላሱ የሚተሳሰርበትን ጃለኔን። "ከወደድኳት ቆይቻለሁ። ሽማግሌ ከመላካችን በፊት ልቧን አጣሪልኝ" አለ።

መልሱ ሲመጣ ፖስታው ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የሙሐሲን አልነበረም። ደቻሳ ቦቴው ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ከፈተው።

"ደቻሳ፣ እንደምን አለህ። ሙሐሲን ደብዳቤህን የሚያነበው ሱቁ በር ላይ ቆሞ መሆኑን የነገረህ የለም መሰለኝ። ደብዳቤ መጣ ሲባል ሰፈሩ ይሰበሰባል፤ እኔም ከሥራ ስመለስ ቆሜ እሰማለሁ። የዘንባባውን ዘይት ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለፈው 'ለእማዬ ብቻ፣ ቀስ ብለህ' የሚለውንም ጮክ ብሎ አነበበው። ስሜ ላይ ሲደርስ ነው የነቃው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እናትህ 'ከጀመርክ አይቀር ጨርሰው' አሉት፤ ጨረሰው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሲያድር ግን ተናድጄ እንደሆነ ራሴን ብጠይቅ፣ አልተናደድኩም። አሁን እሺም እንቢም አልልህም። መጥተህ በአፍህ ንገረኝ። እስካሁን የሰማሁት የሙሐሲንን ድምፅ ነው። ጃለኔ።"

ደቻሳ መጀመሪያ አላበው። ደግሞ አነበበው። ሦስተኛ ሲያነበው ብቻውን መሳቅ ጀመረ። አብሮት የሚያድረው ጓደኛው ተከስተ በመስኮቱ ብቅ አለና፣ "ምን ሆንክ?" አለው።

"ካዛንቺስ በሙሉ ሽማግሌ ሆኖልኛል" አለ ደቻሳ።

ተተኪው ሻለቃ ጦር ደርሶ አገሩ ሲገባ እናቱ አንገቱን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። ሙሐሲን ደግሞ ከሚዛኑ ኋላ ሆኖ፣ "ወንድሜ፣ እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት" አለ። ደቻሳ ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው።

ጃለኔን ያገኛት ኡራኤል ታክሲ መያዣው ጋ ነው። ሚኒባሱ ጡሩምባ ይነፋል፣ ረዳቱ ይጮኻል። ደቻሳ መንገድ ሁሉ ያዘጋጀው ንግግር ጠፋው።

"እንድታገቢኝ እፈልጋለሁ" አለ በመጨረሻ።

"አልሰማሁም" አለች።

ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። የተሰለፈው ሰው ዞሮ አየው። ጃለኔ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "አሁን ሰማሁ" አለች። "በል ሽማግሌ ላክ። ንባብ ያለበት ሥራ ግን ለሙሐሲን እንዳትሰጠው።"

ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ላይ ድንኳን ተጣለ። በሠርጉ ቀን እማማ ሸዋአየሁ በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው ተነሥተው ጨፈሩ፤ ሙሐሲንም እንግዳ ሲያስተናግድ ዋለ። ሙሽሮቹ ከኡራኤል ወረድ ብሎ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ኖሩ። ደቻሳ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆነ፤ ጃለኔም በራሷ የስፌት መኪና ቤቷ መስፋት ጀመረች። ማታ ማታ የዋሉበትን እየተጫወቱ ራት ይበላሉ። የእሱ ወሬ ነው የሚረዝመው።