እንኳን ማርያም ማረችሽ

ለገና ላሊበላ ላይ፣ ሰንበት ተማሪዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሠሩትን የልደት በረት ለማየት ሄድኩ። ሰዉ ቅዳሴ ገብቷል። አንዲት ልጅ እግር ሴት ብቻ፣ በግርግሙ የተኛውን አሻንጉሊት በነጠላዋ ሸፍና ጭዱ ላይ ተንበርክካለች። ዓይናፋር ብሆንም ጠጋ አልኩ።

«ቅዳሴ አትገቢም?» አልኳት።

«ከወለድኩ አርባ ቀን አልሞላኝም።»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ስላት አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ልጁ ሞቶባት ነው ብዬ በአፌ አፈርኩ።

ድንገት ብድግ አለች። «ብርድ እንዳይነካው፣ አደራ» ብላኝ ያለ ነጠላ ቁልቁል ሮጠች። ለአሻንጉሊት! ሐዘን ያዞራት መሰለኝ። ነጠላዋን ላደርስላት ከግርግሙ ሳነሳ፣ አንዲት ትንሽዬ፣ ሞቃት እጅ ጣቴን ጨበጠች።