ዝግባው ላይ ያጋጠመችኝ በቀቀን

የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ አልፎም ዝናቡ ገና አልለቀቀም ነበር። የዱር አሳማ እንሰታችንን ከሥሩ እየገለበጠ፣ ጎደሬውን እየቆፈረ አስመረረን። እኔና የእህቴ ባል ዳና ጦራችንን ይዘን፣ ውሻችንን አስከትለን በጠዋት ዳሞታ ተራራ ወጣን። እናንተ ልጆች የምታውቁት ባሕር ዛፉን ነው፤ እሱን አልፋችሁ ወደ ገደሉ አፋፍ ስትጠጉ የጥንቱ ጫካ አለ።

ጉሙ ወፍራም ነው። ጭቃው ላይ ያለው ዱካ ግን ቁልጭ ብሏል፤ ሰኮናው የረገጠበት ገና ውሃ እየሞላ ነበር። ዳና ይህን ሲያይ አሳማው ቅርብ ነው ብሎ፣ ውሻውን ይዞ በታች በኩል ሊዞር ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና አሳማው ወጣ። ወረወርኩ። ጦሩ ትከሻውን ሸርክቶት አለፈና መሬት ተተከለ። የቆሰለ አሳማ ሁልጊዜ አይሸሽም፣ ልጆች። ዞሮ መጣብኝ፤ ጥርሱ ቦት ጫማዬን ከነባቴ ተረተረው። ገደሉ ላይ ያዘመመ ዝግባ ነበር፤ ሐረጉን ይዤ እንዴት እንደወጣሁ እስካሁን አላውቅም። አሳማው ከግንዱ ሥር ወዲያ ወዲህ እያለ ያናፋል። በሌላው ወገን ገደሉ ነው።

እጄ መያዣ ሲፈልግ ግንዱ ላይ ቀዳዳ አገኘ። ቀና ስል አንዲት በቀቀን ከውስጥ ታየኛለች። አረንጓዴ ናት፤ ግንባሯ እንደ ብስል ሎሚ ቢጫ፣ ዓይኗ ቀላ ያለ። ፊቴ ከፊቷ አንድ ክንድ አይርቅም። አልሸሸችም። ከኋላዋ የጫጩት ድምፅ ይሰማል።

ከጉሙ ውስጥ ፉጨት መጣና ወንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ። አየኝ፤ አመነታ። ከዚያ በመንቁሩ ቅርፊቱን እየነከሰ፣ መንቁሩን እንደ ሌላ እግር እየተጠቀመ ወደ ቀዳዳው ወረደ። የበላውን የዝግባ ፍሬ ከጉሮሮው እያወጣ አጎረሳት፤ እሷም ዞራ ልጆቿን አጎረሰች። ትንፋሼን ያዝኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ እንደዚያ ጸጥ ብዬ አላውቅም። አሳማውንም፣ እግሬንም ረሳሁ።

የዳና ኮቴ አነቃኝ፤ ውሻው ገና ወደ ኋላ ቀርቷል። በጉሙ ምክንያት አሳማው አይታየውም።

«ቁም ዳና! ከሥሬ ነው፣ ቆስሏል» አልኩት።

ወንዱ በርሮ ጠፋ። እናቲቱ ግን ክንፏን ዘርግታ ቀዳዳውን ደፈነችው። አሳማው ወደ ዳና ተወረወረ። ዳና ተንበርክኮ፣ የጦሩን እጀታ መሬት አስደግፎ ጠበቀው። ጦሩ ተሰበረ፤ አሳማውም እዚያው ወደቀ።

ደግፎ አወረደኝ። ያየሁትን ነገርኩት። ቀና ብሎ አየና፣ «እንግዲህ ቀስ ብለን እንሂድ፣ አናስደንግጣት» አለኝ። አሳማውን እየጎተትን ስንርቅ የወንዱን ፉጨት እንደገና ሰማን።

ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ጫካ ስመላለስ ዓይኔ ከአሳማ ጀርባ በላይ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ዝግባ ለእኔ ሳንቃ ነበር። ዛሬ ጫካ ስገባ መጀመሪያ የማየው ወደ ላይ ነው። ዳና አሁንም ይቆጣኛል፤ እግርህ ሥር እይ ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ግን አልቻልኩም።