ለባቡሩ የተከፈተው በር

ኮላ ድባ ከተማ ልጅ ሳለሁ፣ መሸትሸት ሲል የሰፈር ልጆች የምንሰበሰበው ጎረቤታችን አያ ታከለ ቤት ነበር። በወጣትነቱ ድሬዳዋ ሐዲድ ሲጠግን ኖሯል። ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ ሳይሆን ስለ ባቡር ያወጋን ነበር፤ ባቡሩ የሐረርን ዳገት መውጣት ተስኖት ሜዳው ላይ እንደ ቀረ፣ በቆመበት ድንኳን እንደ ተተከለ፣ ውሃ ሻጩና ዳቦ ጋጋሪው እንደ ተከተሉ፣ ድንኳኑ ቆርቆሮ ቤት፣ ቆርቆሮውም ከተማ እንደ ሆነ። ያኔ ከተማ ሁሉ ከባቡር ፉጨት የሚወለድ ይመስለኝ ነበር።

አንድ በጋ ቀያሾች መጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ችካል መቱ። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። አያ ታከለ ግን ለሐዲድ ነው ብሎ አላመነታም፤ ይሠራው የነበረውን አዲስ ቤት በሩን ወደ ችካሎቹ፣ ጀርባውን ወደ ገበያው መንገድ አደረገው። ባለቤቱ እቴ ዘነቡ ጠላ ሻጭ ነበረች።

«ምነው፣ እስከዚያው ለገበያተኛው አንድ በር ብታወጣልኝ?» አለችው።

«ጀርባ ለሰጠው ቤት ባቡር አይቆምለትም!»

ጎረቤቱ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ አሾፈበት። ሦስት ክረምት አለፈ። ችካሉን ምስጥ በላው፤ የመኪናው መንገድ በገበያው በኩል ተሠራ፤ ሱቁም ሻይ ቤቱም ወደዚያው ነጎደ። ቤቱን ዞሮ የሚገባ ጠጪ ጠፋ፤ ጠላው እየኮመጠጠ ተደፋ። በመጨረሻ እቴ ዘነቡ ጋኑን ደፍታ የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች።

በማግስቱ አያ ታከለ መጥረቢያ አንስቶ የጀርባውን ግድግዳ መናድ ያዘ። ጭቃው ሽበቱ ላይ ሲረግፍ እኛ ልጆች ሳቅን። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። እሱ ግን አልተቆጣንም፤ በሩን ሲጨርስ ጋኑን ራሱ አቃናው።

ጠጪው ተመለሰ፤ ወጉ ግን ቀረ። ስንሰበሰብ ፍሙን ይቆሰቁሳል እንጂ አይናገርም። ቤቱ በሰው በሞላበት አንድ ምሽት እቴ ዘነቡ ጠላ መቅዳቷን ትታ፣ «ምነው ዝም አልክ? ድንኳኑ ከተተከለ በኋላስ?» አለችው። የምታሾፍበት መስሎት ቀና ብሎ አያት። እሷ ግን ልትሰማው ጋኑ ጥግ ቁጭ አለች። «በኋላማ ውሃ ሻጩ መጣ» ብሎ ፍሙን እየቆሰቆሰ ወጉን ቀጠለ።

ሐዲድ እስከ ዛሬ ኮላ ድባ አልደረሰም። እኔም አድጌ አግብቼ ጎንደር እኖራለሁ። ከባለቤቴ ጋር በተኳረፍን ቁጥር፣ ትክክሏ እኔ ነኝ ብዬ ፊቴን ባዞርኩ ቁጥር፣ ትዝ የምትለኝ ትክክል ሆና ሳለ «በኋላስ?» ብላ የጠየቀችው ሴት ናት።