ጌጤ ያገኘችው ቃል

ስለ ጌጤ ከጠየቃችሁኝ አልዋሻችሁም፤ ቀንቼባታለሁ። አሁንም እቀናባታለሁ። «ይቺ ቀናተኛ ናት» ብላችሁ ግን ወሬዬን እንዳትንቁት፤ እሷን በዚህች ከተማ እንደኔ ልቅም አድርጎ የሚያውቃት የለም።

ሁለታችንም የዶኮ ልጆች ነን። ከጨንቻ በኩል ካለው ብርድ ወርደን አርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ የገባነው ባሎቻችንን ተከትለን ነው። እኛ ጋ ሴት ትፈትላለች፣ ሸማ የሚሠራው ወንድ ነው። የእሷ አሮን፣ የኔ ደግሞ ኦይታ፣ ሁለቱም ሸማኔዎች ናቸው። አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሲቀላ ሰፈር ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ሱቆች ተከራይተን የሠሩትን እንሸጣለን።

ጌጤ ከልጅነቷ አፏ አያርፍም። ገበያ የመጣ እንግዳ ካየች፣ «ከየት ነው? ምን ሊገዛ ነው? ማን ላከው?» ብላ ሳታደርቀው አትለቅም። እናቷ ታፍርባት ነበር። እኔ ደግሞ ጨዋ ነበርኩ፣ ሰው ሁሉ የሚያመሰግነኝ። እስቲ ምን ጠቀመኝ?

በሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም. ገበያው ቀዘቀዘና ኦይታ አንድ ነገር ማለት ጀመረ፤ «ሽሮ ሜዳ ልሂድ።» ይሄን ቃል የኛ አገር ሴት ስትሰማ ትደነግጣለች። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሄደ ሸማኔ ነጋዴ ቤት ተቀምጦ ይሸምናል፣ ሚስቱና ልጆቹ ጋ የሚመጣው ለመስቀል ብቻ ነው። እኔ ባሌን በዓመት አንዴ ማየት አልፈለግኩም። በቃ፣ የፈለግኩት ይሄንን ብቻ ነበር።

ኢንተርኔት ቤት ያለው ኤርጫፎ ዌብሳይት እንደሚሠራ ስሰማ ደስ አለኝና ሮጬ ሄድኩ። ጌጤም ሰምታ ተከተለችኝ፤ መቼ ትቀራለች! ኤርጫፎ ለሁለታችንም እኩል ነገረን። «ሰው ጎግል ላይ ዕቃ ሲፈልግ የሚጽፈው ቃል አለ። ያ ቃል ገጻችሁ ላይ ከሌለ ማንም አያገኛችሁም። ቃሉ ምን እንደሆነ አጥኑና አምጡልኝ» አለን።

እኔ ቤቴ ገብቼ ከኦይታ ጋር ተማከርኩ። «የዶኮ ሸማ» አልን። የቀይና ቢጫ ጥለታችንን ስም፣ «ዱንጉዛ» አልን። ሸማኔነቱን ያስተማረውን የአባቱን ስምም ጨመርንበት። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ!

ጌጤ ቤቷም አልገባች። ሱቋ በር ላይ ቆማ ያለፈ ያገደመውን ፈረንጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ወደዚህ ስትመጣ ኢንተርኔት ላይ ምን ብለህ ጻፍክ?» እያለች ትጠይቃለች። አስጎብኚዎቹን ጠየቀች፣ ለሠርግ ልብስ ከአዲስ አበባ የመጡትን ጠየቀች። ከዚያ ኤርጫፎ ጋ ተቀምጣ ግማሽ ቃል ትጽፍና ማሽኑ በምን እንደሚጨርስላት ታያለች፤ ብዙ ሰው የትኛውን እንደሚፈልግ ኤርጫፎ ያሳያታል። መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብላ እስኪመጣ ትጠብቃለች። በመጨረሻ «የጥጥ ሻርፕ» የሚለውንና ሌላ አንድ ቃል ይዛ መጣች። «ዶርዜ» የሚለውን!

«አንቺ! ከመቼ ወዲህ ነው ዶርዜ የሆንሽው?» አልኳት።

«እኔማ ዶኮ ነኝ። ሰው የሚጽፈው ግን ዶርዜ ብሎ ነው። ‹ከዶርዜ ጎረቤት፣ ዶኮ የተሠራ› ብዬ ነው ያስገባሁት፤ ምኑ ላይ ዋሸሁ?»

ዶርዜዎችን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ እጃቸውም የተባረከ ነው። ግን የኛን አገር ሸማኔ ሁሉ ሰው ዶርዜ ሲለው ስንሰማ አድገናል፤ «ዶኮ ነን» እያልን ስንከራከር ኖረናል። ታዲያ በገዛ ገጼ ላይ በገዛ እጄ ልጻፈው? ኤርጫፎ ለመነኝ። «ሞቼ ነው!» አልኩት።

ወራት አለፉ። ፈረንጆቹ ስልካቸውን እያዩ በኔ በር አልፈው ጌጤ ጋ ይገባሉ። አንጀቴ አረረ። አንድ ቀን ኤርጫፎ ጋ ሄጄ «ዱንጉዛ» ብዬ ስጽፍ የኔ ገጽ ከላይ ብቅ አለ። «አየህ! አንደኛ ነኝ!» አልኩት።

«አንደኛ ነሽ» አለኝ እየሳቀ፣ «የቃሉ ፈላጊ ግን አንቺ ብቻ ነሽ።»

ያን ሰሞን ጌጤ ቤቴ መጣች። «ሻሺቱዬ፣ ትእዛዝ በዝቶብኛል፣ አሮን ብቻውን አልቻለም። ኦይታ እኛ ጋ ይሥራ። እዚሁ ይሁንልሽ» አለችኝ። ኦይታ ጓዳ ሆኖ ይሰማል። ከአፏ ማር የሚንጠባጠብ አስመስላ ስታወራ ደሜ ፈላ።

«የኔ ባል ያንቺ ቅጥር ሊሆን? ከዚያስ ሽሮ ሜዳ ይሂድ!» አልኩ።

ጌጤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በሳምንቱ ኦይታ የሽመና መወርወሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ «እንዳልሽው» ብሎኝ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ለመስቀል እጠብቀዋለሁ ብዬ ቤቱን አሰማመርኩ፣ ቅቤውን አነጠርኩ። ደወለና «ሥራ በዝቷል፣ ነጋዴው አለቀቀኝም» አለኝ። ጌጤና አሮን ዶኮ ወጥተው ከዘመድ ጋር ሲበሉ፣ እኔ ሲቀላ ብቻዬን ከልጆቼ ጋር ቀረሁ። እንዴት አልቅና? እስቲ ንገሩኝ!

ባለፈው ጌጤ ሱቅ ገብቼ ነበር። ክብሪት ልበደር ነው ያልኳት፤ እውነቱን ለመናገር የመጣላትን አዲስ ዕቃ ልሰልል ነው። መደርደሪያው ላይ አንድ ጋቢ አየሁና ጫፉን ገለበጥኩት። የመጨረሻዋን ፈትል ወደ ውስጥ መልሶ የሚቋጫት በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው።

«ይሄን ማን ሠራው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ። አሮን ስላልደረሰልኝ ከሽሮ ሜዳ ነጋዴ በየወሩ ይልክልኛል። ሸማኔውን አላውቀውም።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኳት።

ትኩር ብላ አየችኝ። ያቺ አፏ የማያርፈው ጌጤ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ጋቢውን አንስታ ታቀፈችውና፣ «ውሰጂው፣ ላንቺ ይሁን» አለችኝ።

«ምን ቆርጦኝ!» አልኳት። እጄ ግን ጫፉን አልለቅም አለ። ለመስቀል እንኳ ቤቱ ያልመጣ ሰው፣ የእጁ ሥራ በየወሩ ይመጣል፤ እሷ ቤት።