ጅራታሙ ኮከብ ደምቋል አለች

ዓረብ አገር፣ ሱራ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት የማዳም አባት ዓይናቸው ስለደከመ፣ ጅራታሙን ኮከብ የምመለከትላቸው እኔ ነበርኩ። ፀሐይ እንደጠለቀች ጣሪያው ላይ እንወጣለን። የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ይሰጡኝና "ከጎኑ ካለችው ኮከብ ይደምቃል ወይስ ያንሳል?" ይሉኛል። ፀሐይን ዞሮ እየራቀ ስለሆነ ብርሃኑ በየምሽቱ እንደሚቀንስ ነግረውኝ ነበር፤ እንዳሉትም ቀነሰ።

ገና ብቅ ያለ ሰሞን ወሎ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። "ጅራታም ኮከብ ደግ አይደለም፣ አትዪው!" ብላ ተቆጣችኝ። እሷ ግን ደጅ ወጥታ አየችው። "መጥረጊያ ይመስላል" ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ስልኩን የምታነሳው እህቴ ሆነች። እማዬ ወይ ተኝታለች፣ ወይ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳለች። አንድ ምሽት ከጣሪያው ሳልወርድ ደወልኩና "ኮከቡንስ ታየዋለች?" አልኳት።

"እንዴታ! ትናንትም አይታዋለች። ከበፊቱ ደምቋል አለች።"

እኔ በመነጽር እንኳ በመከራ ነበር ያገኘሁት። ይቺ እህቴ ድሮም ውሸት አታውቅበትም። እኛ ዘንድ ለስደተኛ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አገሩ እስኪገባ ይደበቃል። ይህን ልማድ ስንቴ ረግሜዋለሁ! ያን ምሽት ግን እኔም መጠየቅ ፈራሁ።

"እሺ፣ እማዬን ሳሚልኝ" አልኳት።

እህቴ "እሺ" ማለት አቃታት።