ሦስቴ የቆምኩበት መስመር

ፈሪ ነኝ፤ ምን እደብቃለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ግሬፕቫይን ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ከመቀየር ልገላገል ብዬ መድኃኒት የማደል ኮርስ ስጀምር የፈራሁት እንግሊዝኛውን ነበር። ኮምፒውተሩ እንደሚብስ ማን ነገረኝ?

አስተማሪዋ አራት አራት አድርጋ ከፋፈለችን። ለአንድ ግሩፕ አንድ የኢንተርኔት ገጽ ነው፤ ሁላችንም ከያለንበት ገብተን እዚያው ላይ እንጽፋለን። ማን የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ስሙ በቀለም ብቅ ይላል። «አንዳችሁ የሌላችሁን ስህተት አርሙ፤ ግሩፕ ያደረግኳችሁ ለዚህ ነው» ብላናለች። ከኔ ጋር ሁለት አሜሪካውያን ልጃገረዶችና አንድ ያገሬ ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። አገር ቤት ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናሉ። ከሥራ ደክሟቸው እየመጡ በመድኃኒት ልክ ሁለቴ ተሳስተዋል፤ ሦስተኛ ከተሳሳቱ ከኮርሱ ይወጣሉ። ይኼን ራሳቸው ናቸው እየሳቁ የነገሩኝ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገጹን ከፈትኩ። አመሻሽ ላይ ይዘጋል። የጋሼ ድርሻ የሕፃን ሽሮፕ ነበር፤ ሃያ አምስት ሚሊ ይላል። በወረቀት አሰላሁት፤ ሁለት ነጥብ አምስት። ደገምኩት፤ ያው ነው። በሞትኩት! ሕፃኑ የወረቀት ሕፃን ነው፤ የጋሼ መባረር ግን የምር ነው።

ሄጄ መስመሩ ላይ ቆምኩ። ነጥቧን ለመጨመር አንድ ጣት ይበቃል። ግን ልጆቹ ያያሉ፤ አስተማሪዋም ማን ምን እንደነካ ታያለች። እኔ፣ ትናንት በዲቪ የመጣሁት፣ የሒሳብ መምህር ላርም? ደግሞ የተሳሳትኩት እኔ ብሆንስ? ወጣሁ። ኮል አደረግኩላቸው፤ አያነሱም። ቴክስት ጀምሬ አጠፋሁት። ምን ልበል? «ጋሼ፣ ነጥብ ረስተዋል»? ተመልሼ ገባሁ፤ ወጣሁ። ሦስተኛ ስገባ የሳቸው ስም ከኔ ስም ጎን ብቅ አለ። በስልካቸው ገብተው መሆን አለበት። ተመስገን፣ አሁን ያዩታል ብዬ ጠበቅኩ። ጥቂት ቆዩና ወጡ። ቁጥሩ እንዳለ ነው። «እንግዲህ እሳቸው ያውቃሉ» ብዬ ዘጋሁት። ሰው ይኼን ይሉኝታ ይለዋል፤ ወሬ ነው፣ ፍርሃት ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬም መድኃኒት ለክቶ አያውቅም።

ማክሰኞ የኛ የሦስታችን ማርክ ተቀነሰ። ጋሼን አስተማሪዋ ለብቻቸው ጠራቻቸው፤ ሲወጡ ቦርሳቸውን ይዘው ነበር። ፓርኪንግ ድረስ ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አይቼው ነበር።»

«አውቃለሁ፤ ስምሽን አየሁት እኮ» አሉ። አልተቆጡም። «እኔም ቁጥሩን ተጠራጥሬው ነበር፤ ላርመው ነው የገባሁት። አንቺ እዚያው ቆመሽ አንብበሽ ምንም ሳትይ ስትቀሪ፣ ሶ፣ ልክ ነው ማለት ነው ብዬ ተውኩት።»

የመኪናቸውን በር ከፈቱና ዞር ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሐኪም ቤት ሥራ ስትጀምሪም እንዲህ ነው የምታደርጊው?»

ለነገር አልነበረም። ከልባቸው ፈርተው ነው የጠየቁኝ።