ከሰቃ ማዶ፦ ለአደን መሪ ጉርሻ ይሰጣል ወይ?

ዓመቱ ሁለት ሺህ አስራ ሰባት፣ እኔ ሰባ ሁለት። መታወቂያዬ ስድሳ ስምንት ይላል፤ እናቴ ግን ከመታወቂያው የበለጠ ታውቅ ነበር። ፊደል የለየሁት ጎርምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌን ታገሱኝ። አናጢ ነኝ። ጅማ ሄርማታ ገብታችሁ "አባ ነጋ አናጢው" ካላችሁ ባለባጃጁ ራሱ ደጄ ያደርሳችኋል። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ካረፈች ወዲህ ግን የእንጨት ሥራ ቤቴን ቆልፌዋለሁ።

ሄርማታ፣ ከሱብሂ በኋላ

ጭጋጉ ገና ከጣሪያ አልተነሳም። የልጄ ባል ሙኽታር ከመንደራ ቆጪ ሰፈር መኪናውን ይዞ መጥቶ ደጄ ላይ ጥሩምባ ይነፋል። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነጋዴ ነው። እጁ አይታጠፍም፤ አስተናጋጁም፣ ዘበኛውም፣ መኪና አጣቢውም ከሱ ጉርሻ ለምደዋል። በዚህ ነገር ስንጣላ ኖረናል። እኔ አናጢ ሆኜ ከተስማማሁበት ዋጋ በላይ ተቀብዬ አላውቅም። ሰው ለሠራው ይከፈለዋል፣ አለቀ።

የምንሄደው አደን ነው። ሙኽታር አደን ለሚያዘጋጅ ሰው ከፍሎ የአንድ ድኩላ ፈቃድ አውጥቷል። የመሪው አበልም እዚያው ክፍያ ውስጥ አለ። አዘጋጁ ታዲያ "ድኩላው ከወደቀ ለመሪው ቲፕ መስጠት ልማድ ነው፤ ካልወደቀ የለም" ብሎታል።

"አበሉን ካገኘ ጉርሻው የምን ነው?" አልኩ፣ ወንበሩ ላይ ሳልደላደል።

"አባባ፣ ፀሐይ ትውጣና እንጣላ" አለኝ።

የአባቴን ቢላ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ልጅ ሳለሁ አደን ሲወጣ እከተለው ነበር። የቆሰለ ድኩላ ነፍሱ ሳትወጣ ቢስሚላህ ተብሎ ካልታረደ አይበላም። ስለዚህ ጥይት እንደጮኸ ሮጦ የሚደርስ ሰው ያስፈልጋል፤ የዚያን ጊዜ የሚሮጠው አባቴ ነበር።

"ዛሬ የማርደው እኔ ነኝ" አልኩት ሙኽታርን።

ጉልበቴን አየት አደረገና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

ሰቃ፣ ጠዋት

ትናንት ማታ ዝናብ ጥሎ ነበርና ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቡናው ሁሉ አብቧል። መስኮት ስትከፍት ሽታው ጉሮሮ ድረስ ይገባል። ሰቃ ወርደን ሻይ ቤት ተቀመጥን። ሻዩ አስራ አምስት ብር፣ ፓስቲው ትኩስ። ሙኽታር ለአስተናጋጇ መልሱን ተወላት፤ እኔ አኮረፍኩ።

መሪያችን ከድር ይባላል። አርባውን ያለፈ ቀጭን ሰው ነው፣ እግሩ ላይ የላስቲክ ጫማ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ ተበስቷል። "አከም ቡልተን አባኮ? እንዴት አደሩ አባቴ?" ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"ከድር፣ ድኩላው ከወደቀ ቲፑን ምን ታደርግበታለህ?" አለው ሙኽታር፣ እኔን ለማናደድ።

"በር" አለ ከድር።

"የምን በር?"

"አዲስ ቤት ሠርቼ ገባሁ። ጣሪያው ገንዘቡን በላና በር የለውም። ክረምት ሳይገባ አስገጥማለሁ፣ ኢንሻአላህ። ሚስቴ ደግሞ ጅብ መጥቶ ካንተ ጋ ያድር እንደሆን እንጂ እኔስ እናቴ ቤት እሄዳለሁ ብላኛለች።"

ሙኽታር ሳቀ። እኔ ቢላዬን አወጣሁና "ተኳሹ እሱ ነው፣ የማርደው ግን እኔ ነኝ፤ እወቀው" አልኩት። ከድር ቢላውን አየ፣ ከዘራዬን አየ።

"ማሻአላህ" አለ።

ጫካው ውስጥ፣ ረፋድ

መኪናውን ከድር ደጅ አቁመን በእግር ገባን። ላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡና፣ ቅርንጫፉ ላይ ጉሬዛ ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ቁልቁል ያየናል። ከድር መንገድ መምራት የሚሉትን ነገር የሚያውቅ አልመሰለኝም። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። ጫማውን ያስተካክላል። "ሱታ፣ ሱታ" ይላል፣ ቀስ ለማለት። አንዴ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎ ሊያሳየኝ ቆመ። ቀፎ አይቼ የማላውቅ ይመስል! አበሉ በቀን ስለሆነ ነው የሚጎተተው አልኩ በሆዴ።

አንዲት ምንጭ ዘንድ ስንደርስ ሙኽታር ጉሬዛ በስልኩ ሊያነሳ ወደ ኋላ ቀረ። ከድር አጎነበሰ። እኔም ከኋላው አየሁ፤ ጭቃው ላይ የድኩላ ዱካ አለ። ሰኮናው የረገጠው ጉድጓድ ውስጥ ውሃው ገና እየገባበት ነው። ከድር ዱካው ወደ ሄደበት ቁልቁል ተመለከተ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከዚያ ደረቅ ቅጠል በእግሩ ገፋ አድርጎ ሸፈነው።

ሙኽታር ሲደርስ "የትናንት ነው፤ በዚህ እንዙር" አለው፣ በሜዳው በኩል እያመለከተ።

ደሜ ፈላ። ግን ሰውን በከፈለው ሰው ፊት፣ ያውም ጠመንጃ በተያዘበት ማዋረድ ደስ አላለኝም፤ ከዘራዬን ተክዬ ተከተልኳቸው። በሜዳው በኩል ዞርን፣ ዞርን፣ ጆሮ እንኳ አላየንም።

ከድር ቤት፣ ከሰዓት በኋላ

ቤቱ ገና ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፣ በበሩ ቦታ ግን የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ ተንጠልጥሏል። ነፋስ ሲመጣ ይነፋና እንደ ሆድ ወደ ውስጥ ይገባል። የከድር ሚስት ዘሃራ የበቆሎ ቂጣ በማር አቀረበችልን። ስንነሳ ሙኽታር እጁን ኪሱ ከተተ።

"ሙኽታር! ድኩላ ወድቋል?"

"አልወደቀም፤ ግን አባባ፣ ሰውየው እኮ ሲለፋ ነው የዋለው።"

"ከሰጠኸው መኪናህ ውስጥ አልገባም። ጅማ ድረስ በእግሬ እሄዳታለሁ!"

ዘሃራ ከረጢቱን አየች። ከድር ግን "አባኮ ልክ ናቸው፤ ልማዱ ነው" አለ፣ ምንም ሳይከፋው። ይሄ ባሰብኝ። እጁን ይዤ ወደ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ወሰድኩት።

"ዱካውን ሸፈንከው።"

"አዎ።"

"አዲስ ነበር።"

"አዲስ ነው። ውሃ እየጠጣ ደረስንበት።"

"የገዛ በርህን ነው የሸፈንከው፣ አንተ ሰው!"

ፈገግ አለ። "ወደ ገደሉ ነው የወረደው፣ አባኮ። ሙኽታር ቢተኩስ እርስዎ ቢላዎን ይዘው ይሮጣሉ።"

"እሮጣለሁ።"

"እዚያ ገደል እኔም በቂጤ ተንሸራትቼ ነው የምወርደው።"

"ታዲያ እዚሁ ይጠብቁን አትለኝም ነበር?"

"ብልዎት ይቀሩ ነበር?"

አሰብኩበት። ውሸት አልወድም።

"አልቀርም ነበር" አልኩት።

"አባቴም እንደ እርስዎ ነበር" አለ። "ና ሲሉት ያዘግማል፣ ቅር ሲሉት ይሮጣል።"

ያ ሁሉ መቆም፣ ያ ጫማ ማስተካከል፣ ያ ቀፎ ለማን እንደነበር የገባኝ እዚያ እንሰት ሥር ነው። ጉልበቴን ያን ጊዜ አመመኝ፤ እስከዚያ ድረስ አላመመኝም ነበር።

ስንወጣ በሩ ቦታ ላይ ቆምኩ። ከዘራዬን በመቃኑ ቁመት ሁለቴ አስጠግቼ አቆምኩና የቀረውን ከዘራው ላይ በጥፍሬ ጫር አደረግሁት። ከዚያ በስፋቱ በኩል አጋደምኩት፣ ደግሜ ጫርኩ።

"አባ፣ አመመዎት እንዴ?" አለች ዘሃራ።

"ደገፍ ብዬ ነው" አልኳት።

መመለሻ፣ አመሻሽ

ለሙኽታር የዱካውን ነገር መንገድ ላይ ነገርኩት። የከፈለው ትንሽ ስላልሆነ ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን የመኪናውን ፍጥነት ቀነሰ።

"አባባ፣ እኔ ድኩላ ፈልጌ የመጣሁ መሰለዎት? ሥጋ ሄርማታ ሞልቷል። ከዚያ ቤት አንድ ቀን እንኳ ይውጡልኝ ብዬ ነው።"

መስኮቱን ከፈትኩ፤ የቡናው አበባ ገባ።

"ልመለስና ልስጠው?" አለኝ።

"አትሰጥም።"

"ኧረ አባባ!"

"ጉርሻ አይሰጥም ብያለሁ፤ አይሰጥም።"

ራሱን ነቀነቀ። ሄርማታ የገባነው ለመግሪብ አዛን ሲባል ነው።

እንግዲህ ለአደን መሪ ጉርሻ ይሰጣል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ ዛሬም ያው ነኝ። አውሬ ስለወደቀ የሚሰጥ ጉርሻማ ጭራሽ አይገባኝም። የከድር ትልቁ ሥራ ያልወደቀው ድኩላ ነው፤ ለእሱ ልማድም ዋጋም አላወጡለትም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከሱብሂ መልስ፣ የእንጨት ሥራ ቤቴን ቁልፍ ከሚስቴ ሳጥን አወጣሁ። መቆለፊያው ዝጎ ስለነበር ዘይት ጠብ አደረግሁበት። ውስጥ፣ ለእሷ ቁም ሳጥን ልሠራበት ያስቀመጥኩት የዋንዛ ሳንቃ አቧራ ለብሶ እንደቆመ ነው። በጋቢዬ ጠረግሁት። ከዘራዬን ላዩ ላይ አጋደምኩ፣ ከድር ደጅ ጥፍሬ በጫረበት ላይ በእርሳስ አሰመርኩ፣ ቢስሚላህ አልኩና መጋዙን ያዝኩ።